የአማቼ እግሮች

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ያመነም ያላመነም፣ ነገሩ ሆኗል። እኔ ቤት ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

እሑድ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬ ላይ ተንጋላለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ ራዲዮ ከፍቶ ያፏጫል። ሰላም የሆነ ቀን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ...

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው እዚያው ቤታችን፣ መንገድ ዳር ባለችው የፊተኛዋ ክፍል ነው። ከክፍሏ ጀርባ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳሎኑ። ባለቤቴ ፍሪጅ ይጠግናል። ልጅ አልወለድንም። ከእኛ ጋር የሚኖሩት የእሱ አባት ብቻ ነበሩ። እኔም እንደ እሱ «አባባ» ነበር የምላቸው።

አባባ በጉብዝናቸው ዘመን ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ኳስ ይጫወቱ ነበር። ከሩጫቸው የተነሳ «ጥይቱ» ነበር የሚሏቸው። እኔ ሳገባ ግን ጥይቱ ተተኩሶ አልቆ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት... ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ጉልበታቸው ሲታጠፍ እስከ ጓዳ ድረስ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

አንደበታቸው ግን ምላጭ ነው።

ደንበኛ መጥታ ልኳን ስወስድ ከመጋረጃው ጀርባ «ወገቡን እንዳታጠብቢባት፣ ልጅቷ ገና ምሳ ትበላለች» ይላሉ። ደንበኛዋ ትስቃለች፣ እኔ አፍራለሁ። እንዲህ ነበር ቤታችን።

ባለቤቴ አይጠጣም፣ አያጨስም። አንድ ሱስ ግን አለበት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር የኳስ አሰልጣኝነት ጨዋታ ይጫወታል። ጨዋታውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ አንዱ ሰው በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ ብሎኛል። ኳሱን እሱ አይመታም። ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ልምምድ ያዛል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ስለ አንድ አሮጌ አጥቂው ሲያማርር ሰማሁትና «ለምን ልምምድ አትጨምርለትም?» አልኩት። እንዲያው ወሬ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው።

«አይ... ልጅ ቢሆን ልምምዱ ጉልበት ይጨምርለት ነበር። ዕድሜው ከሄደ በኋላ ግን ሰውነቱ በየሳምንቱ ይወርዳል። ልምምድ አያቆመውም።»

«ታዲያ ምን ይሠራለታል?»

«ከየት በኩል እንደሚወርድ ይመርጥለታል። እግሩን ካሠራሁት እግሩ ይቆያል። ግን ያንን ያህል ከሌላ ቦታ ይወስዳል። ከዓይኑ፣ ከትንፋሹ፣ ከጭንቅላቱ...»

አባባ የሾርባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እኔን አስገባኝ» አሉት።

ሳቅን።

«የምሬን ነው። እግሬን ብቻ አሠራልኝ። ሌላውን ይውሰደው፣ ምን ላደርገው ነው?»

ባለቤቴ ለአባቱ የማይሆነው የለም። ለጨዋታ ብሎ፣ ሊያስቃቸው ብሎ፣ ያኔውኑ ተነስቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አዲስ ተጫዋች የሚፈጠርበት ቦታ አለ። ስማቸውን ጻፈ፣ ቁመታቸውን፣ የሚመቱበትን እግር።

«ዕድሜ ስንት ልበል አባባ? ሃያ ላድርግዎት?»

«እውነቱን ጻፍ። ውሸታም አላሳደግኩም።»

እውነቱን ጻፈ። «አይቀበልም፣ ታያላችሁ» አለ።

ተቀበለ።

ፎቶ የሌለው ተጫዋች በፎቶው ቦታ ላይ ጥቁር ጥላ ይመጣለታል። የሁሉም ጥላ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለ አንገት፣ ሰፊ ትከሻ። የአባባም ጥላ መጣ።

የእሳቸው ግን ጎበጥ ያለ ነበር...

እኔ ነኝ ያየሁት።  ባለቤቴ ልምምዱን «እግር» ላይ አደረገው፣ ጫናውን «ከባድ» አለው። አባባ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ምሳችንን ጨረስን።

መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው።

አንድ ጠዋት አባባ ግድግዳውን ሳይዙ ጓዳ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ። ደንግጬ ትሪ ጣልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የግቢውን ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ። ባለቤቴ አባቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የጉልበት ሐኪማቸው ሁለቱንም ጉልበት አጣጥፎ ዘረጋና «መድኃኒቱ ተስማምቷቸዋል» አለን።

መድኃኒቱን ካቆሙ ቆይተው ነበር።

ከዚያ... እግራቸውን የማጥባቸው እኔ ነበርኩ። ተረከዛቸው እንደ ደረቀ ግንድ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ለዓመታት በቅባት ስንታገለው የኖርን። አንድ ቀን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ በፎጣ ሳሽ ተረከዙ እጄ ላይ ቀረ።

ቆዳው ማለቴ ነው። እንደ ካልሲ ሙሉውን ወለቀ።

ከሥሩ ያለው ሮዝ ነበር፤ ለስላሳ፣ እርጥብ። አባባ እንደኮረኮርኳቸው ሁሉ ሳቁ። እኔ የወለቀውን በሁለት ጣቴ ይዤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣልኩት። ከሰዓት በኋላ ቆሻሻውን ልደፋ ስሄድ በላስቲኩ ላይ ነካሁት።

ገና ሞቃት ነበር።

ቀጥሎ ሽታው መጣ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ራዲዮ ይሰማሉ። እግሮቻቸው ግን ያልባቸዋል። ካልሲያቸውን ሳወልቅ ጨምቄ ውሃ አወጣለሁ። ቤቱ በሙሉ ከጨዋታ በኋላ እንደሚዘጋ የተጫዋች መልበሻ ክፍል ሸተተ፤ ላብ፣ የታፈነ ጫማ፣ ከሥሩ ደግሞ ጣፋጭ የሆነ... የተበላሸ ወተት የመሰለ ነገር። መስኮት ከፈትኩ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብኩ። አልሄደም። ሽበት የነበረው የባታቸው ፀጉር ጠቁሮ በቅሏል። ባታቸው በሱሪው ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

አንዲት ደንበኛዬ ለልኬት መጥታ አፍንጫዋን በሻርፕ ያዘች።

«ጎረምሳ አለ እንዴ ቤት ውስጥ?» አለችኝ።

«የለም። አማቼ ናቸው።»

በመጋረጃው ሥር የሚታዩትን ሁለት እግሮች አየች። ሳይሰፋላት ጨርቋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ መክፈል መጣ።

አባባ ሾርባ እየጠጡ ነበር። አንድ ነገር ማንኪያው ላይ ተፉ። አጥንት መሰለኝ... ጥርስ ነው። ደም የለውም። ሥርም የለውም። እንደ ፍሬ በስሎ የወደቀ ነው የሚመስለው። ሳህኑን ሳየው ሌሎችም ነበሩ። እሳቸው አላወቁም፣ ሾርባውን ቀጠሉ።

ፀጉራቸው ትራሱ ላይ በጭብጥ ይቀራል። የጆሮአቸው ጫፍ ቀጠነ፣ እንደ ሻማ ሰም ወደ ታች ተንጠለጠለ። ቀልድ ይጀምሩና መጨረሻው ይጠፋቸዋል። «እ... እ...» ይላሉ፣ ምላሳቸው በአፋቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ምላሱም አንሷል። የወፍ ምላስ ነው የሚያክለው።

ባለቤቴን ጓዳ ጠራሁት። በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

«አቁመው።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።»

 እሱም ካወቀ ቆይቷል። ፊቱ ላይ አየሁት።

«ልምምዱን ባቆም ሁሉም ነው የሚወርደው» አለ። «እግሩም፣ ራሱም። በአንድ ጊዜ።»

«እሺ ወደ አንደበታቸው አዙረው።»

«ለአንደበት የሚሆን ልምምድ የለም። ኳስ ተጫዋች ነው እኮ... ጨዋታውን የሠሩት ምን ያደርግለታል ብለው ይሠሩለታል?»

 ቢሆንም ሞከረ፣ አልዋሽበትም። ሄዶ ጫናውን «ቀላል» አለው፣ ልምምዱን ከእግር አንስቶ «ውሳኔ» የሚል ላይ አደረገው። ለጭንቅላት የቀረበ ያ ብቻ ነበር።

ስክሪኑ ላይ አንዲት መልእክት ብቅ አለች።

«ተጫዋቹ በአዲሱ ልምምድ ደስተኛ አይደለም።»

ከኋላችን ወንበሩ ተንቋቋ።

አባባ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። የተኙ ነው የሚመስሉት። ቀኝ እግራቸው ግን ተነሳ... ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ... ከዚያ የባለቤቴን ቅልጥም መታው።

ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እግሩ ደግሞ ሊመታው ተነሳ።

«እሺ» አለ ባለቤቴ። ለአባቱ ፊት አልነበረም የሚያወራው። ለእግሩ ነበር። «እሺ፣ እሺ፣ እመልሰዋለሁ።»

መለሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል። ወተት በጠብታ ነበር የምሰጣቸው። ሸሚዛቸውን አውልቄ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋቸው የሆዳቸው ቆዳ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚጋገረው ስስ ነገር እየተጠቀለለ ይመጣል። ውጭ ወጥቼ አስመልሼ እመለሳለሁ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ የታጠበ ዶሮ የመሰለ። ከወገባቸው በታች ግን... የሃያ ዓመት ጭን ነው። የተወጠረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሩቁ ሙቀቱ የሚሰማ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት ሳይ አውቃለሁ። ወገባቸው ዙሪያ የመጣው መስመር ስፌት ነበር። የማይገናኙ ሁለት ጨርቆች በግድ ተይዘው የተሰፉበት ዓይነት፤ አንዱ ያረጀ፣ አንዱ አዲስ። ሰፊ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ልብስ ሲቀደድ የሚቀደደው በአሮጌው በኩል ነው።

ያቺ እሑድ መጣች።

ባለቤቴ አንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ተበላሽቶ ተጠርቶ ሄዷል። ኮምፒውተሩን አላጠፋውም። ሳሎን ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነን። እግሮቹ ወለሉን በቀስታ ይደበድባሉ። ቱ፣ ቱ፣ ቱ... ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ማረፍ ትተዋል።

ፊታቸው አጠገብ ተንበረከክሁ። ትንፋሼን ይዤ ነው፤ ከአፋቸው የሚወጣውን አልችለውም።

«አባባ... ይሰማዎታል?»

ዓይናቸው ተከፈተ። አንደኛው ነጭ ሆኗል። በሌላኛው አዩኝ።

«ይበቃዎታል? ይብቃ ካሉኝ አቆመዋለሁ።»

ከዚያች አንድ ዓይን እንባ ወረደ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። አገጫቸው ወደ ታች አለ... አዎ አለ።

እግሮቹ ግን ወለሉን መቱ። ጧ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ዘለለ። ደግመው መቱ። አይሆንም ነው።

ሁለት መልስ ከአንድ ሰው።

ፊታቸውን ነው የሰማሁት። እስከ ዛሬም ፊታቸውን ነው የማምነው።

ኮምፒውተሩ ጋ ሄድኩ። ባለቤቴ ሲነካካ አይቼ ስለማውቅ የአባባን ገጽ አላጣሁትም። ጥላው አሁን ቀጥ ብሏል፤ ሰፊ ትከሻ፣ ረጅም አንገት። ራስ ግን የለውም። «ጡረታ እንዲወጣ ምከር» የሚል አለ። ተጫንኩት።

«ተጫዋቹ ገና ብዙ ዓመት መጫወት እንደሚችል ያምናል» ሲል መለሰልኝ።

ከኋላዬ ድብደባው ፈጠነ። ቱቱቱቱ...

ከሥሩ ሌላ ነበር። «ውሉን አፍርስ።»

ተጫንኩት።

ጸጥ አለ።

የመካኒኩ ራዲዮ ብቻ ይሰማል። ዘወር አልኩ። እግሮቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ጣቶቻቸው ወለሉን ይዘዋል። አለቀ ብዬ «ተመስገን» ልል አፌን ከፈትኩ...

እግሮቹ ተነሱ።

አባባ ተነሱ አላልኩም። እግሮቹ ናቸው የተነሱት። ከወገብ በላይ ያለው አብሮ አልቆመም። እንደ እርጥብ ኮት ወደ ኋላ ታጠፈና ተንጠለጠለ። ከስፌቱ በኩል የሆነ ነገር ተንጠባጠበ። ራሳቸው ተገልብጦ ባታቸው ጋ ደረሰ። ያቺ አንድ ዓይን ከዚያ ሆና ታየኛለች።

አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቃል ወጣ።

«ያዢኝ... ልጄ...»

ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። ግራውን። በሁለት እጄ፣ ባለኝ ኃይል ያዝኩ። እግሮቹ ሮጡ። መጋረጃውን በጥሰው፣ የስፌት መኪናዬን ገፍተው፣ በተከፈተው በር ፀሐይ ውስጥ ገቡ።

እኔ ወለሉ ላይ ወድቄ ቀረሁ። እጄ ባዶ አልነበረም።

የእጃቸው ቆዳ ነው። እንደ ጓንት፣ ከነጥፍሩ።

ስጮህ መካኒኩ እየሮጠ መጣ። እጄ ላይ ያለውን ሲያይ ዓይኑን ዞር አደረገ።

«ማን ነው የወጣው? የትኛው ጎረምሳ ነው?» አለኝ።

«ጎረምሳ አየህ?»

«ጀርባው ላይ ኮት አንጠልጥሏል። እንዲህ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ባለቤቴ መጣ። ፈለግን። ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከከተማው ዳር ያለው ወንዝ... የተገኘ የለም። ፖሊሱ «መራመድ የማይችሉ አዛውንት ናቸው ካላችሁ የት ይርቃሉ?» ብሎ ገላመጠን። 

ያንን ቆዳ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁት። ባለቤቴ ግቢው ጥግ ቆፍሮ ቀበረው።  ከመሬት የገባው የአባታችን አካል እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ከመስበሩ በፊት አንዴ ከፈተው። ከኋላው ቆሜ አየሁ። የአባባ ስም አልጠፋም። «ያለ ክለብ» ይላል።

ከሥሩ ደግሞ «በግሉ ልምምድ ላይ ነው።»

በመዶሻ ሰበረው። ስብርባሪውን ራሱ ተሸክሞ ሄዶ የት እንደጣለው አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ኳስ ያለበት ቤት ራሱ አይገባም።

ወር ገደማ አለፈ። ክር ልገዛ ወጥቼ ዋናው መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። አዲስ የእግረኛ መንገድ እየተሠራ ነው። ማታ ያፈሰሱትን ሲሚንቶ ጠዋት ሲያዩት ሰው ሮጦበታል። የሥራው አለቃ ወገቡን ይዞ ይራገማል።

«ባዶ እግሩን» ይላል። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚሮጥ?»

በሰዎች ትከሻ መካከል አየሁ። እርምጃዎቹ ረጃጅም ናቸው። ተረከዝ የላቸውም፤ ጣት ብቻ፣ ጥልቅ ብሎ የገባ፣ እንደ ሯጭ። ከእርምጃዎቹ ጎን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የሆነ ነገር የተጎተተበት ጭረት አለ።

«እንጨት ነው የጎተተው» አለ አንዱ።

ጎንበስ አልኩ። ጭረቱ አንድ አልነበረም። አራት ነው፣ ጎን ለጎን። አምስተኛው አጠር ብሎ ትንሽ ፈንጠር ይላል።

መሃል ላይ ሲደርሱ ጭረቶቹ ይቋረጣሉ። እዚያ ቦታ ላይ አምስት ጉድጓዶች አሉ። ጣቶች ሲሚንቶው ውስጥ እስከ ሥራቸው ገብተው፣ ለመያዝ የታገሉበት።

ከዚያ ጭረቶቹ እንደገና ይቀጥላሉ... ሲሚንቶው እስከሚያልቅበት።